የሃያ ሦስቱ ቤቶች አብሳይ

አጎት ኦዶሪኮን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በ2010 ኖቬምበር፣ ከቅዱስ ማርቲን በዓል በፊት ባለችው እሑድ ነው። ወይስ በ2011? እናቱ የሞተችበትን ዓመት የሚረሳ ሰው የለም ይባላል፤ እኔ ግን በቆጠርኩ ቁጥር ሌላ ዓመት ላይ እደርሳለሁ። ድልድዩ የተጠገነበት ዓመት መሆኑን አውቃለሁ፤ ድልድዩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። እሑድ መሆኑን ግን እምላለሁ። በእኛ መንደር ቻርሶን የምንለው ምግብ የሚቀቀለው እሑድ ብቻ ነው።

የሆነው ሆኖ፣ በተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም። ዓለም የምታበቃው ከመንደሩ ድልድይ ላይ ነው ብሎ የሚያምን፤ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ሰዎች የሚበሉትን «ምግብ» ብሎ ለመጥራት አፉ የማይታዘዝለት፤ ተርበህ ደጁ ስትቆም ምን እንደምትበላ ሊጠይቅህ ሳይሆን ሊነግርህ የሚወጣ ሰው። የእኛዋ የፕራዴይ መንደር ድርሻ ክቡርነታቸው አጎት ኦዶሪኮ ነበሩ፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፣ ዋና አብሳይ፣ አይብ አጣኝ፣ የአራት መኝታ ክፍሎች የበላይ ጠባቂ። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት አሁን በሕይወት ስለሌሉ ነው። ቢኖሩማ ጭልፋቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው «አንተ ደግሞ ገንፎ ማማሰል ሳትችል ስለ ምግብ ትጽፋለህ?» ይሉኝ ነበር።

ማረፊያው የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረውም። አንድ ጊዜ ለመንገድ ሥራ ከሚላኖ የመጣ መሐንዲስ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ዝርዝር እንዲሰጡት በትሕትና ጠየቃቸው። አጎት ኦዶሪኮ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩና «ዝርዝሩ እኔ ነኝ» አሉት። መሐንዲሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ የታዘዘለትን ሲበላ ከረመ፤ ሰኞ የገብስና የቦሎቄ ሾርባ፣ ማክሰኞ የበቆሎ ገንፎ በአይብ፣ ረቡዕ የጎመን ሥር ከአሳማ ቋሊማ ጋር። መንገዱ ካለቀ በኋላ ለመሄድ አሥር ቀን ፈጀበት።

የፎቁ ክፍሎች ቁልፍ አልነበራቸውም። ቁልፍ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ከዚህ ቤት የሚሰረቅ ነገር ቢኖር ምግቡ ነው፣ እሱን ደግሞ ሆድህ ውስጥ ቆልፌልሃለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በየበሩ በጭልፋ ያንኳኩ ነበር። ጫጉላቸውን ሊያሳልፉ የመጡ ሙሽሮችን ሳይቀር ገንፎ እንቅልፋም አይጠብቅም ብለው ቀስቅሰዋል።

ቲማቲም ማድ ቤታቸውን ረግጣ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪን የሚይዘው ሁሉን የማወቅ በሽታ ይዞኝ፣ ድንችም እንደ ቲማቲም ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

«ድንች እዚህ አግብታ ወልዳለች» አሉ። «ቲማቲም ገና እንግዳ ናት።»

«ቀረፋስ? ቀረፋ ከህንድ አይደለም እንዴ?»

«ቀረፋ የመጣችው በአያቴ ጀርባ ነው። በአያቴ ጀርባ የመጣ ሁሉ የአገር ልጅ ነው።»

በዚህ አላፍርባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። የእኛ አያቶች በክረምት ቅመም የሞላ መሳቢያ ያለው ሣጥን ተሸክመው፣ ተራራውን በእግራቸው ተሻግረው፣ አገር ላገር የሚያዞሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ሲመለሱ መሳቢያው ሥር የቀረችውን ትራፊ ሚስቶቻቸው አራግፈው ድስት ውስጥ ከተቱ። ቻርሶን የተወለደው እንዲህ ነው። በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የታጠፈ ሊጥ፣ ከላዩ የቀለጠ ቅቤና በጢስ የደረቀ አይብ። ላዩ የሁሉም አንድ ነው። ውስጡ የሚገባውን እኛ «ሆዱ» እንለዋለን፤ ሆዱ ግን የየቤቱ ነው። አንዱ ቤት ዘቢብና ካካዋ፣ ሌላው ቤት የሎሚ ልጣጭና ናና፤ በዚያ ዓመት መሳቢያው ውስጥ የተረፈው ምን እንደነበረ ነው ነገሩ።

እና ሆዱ ከቤት አይወጣም። ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ የእናቷን ትታ የአማቷን ትማራለች። አማት ለምራት ትነግራለች እንጂ ለልጇ አትነግርም፤ ወንድ ልጅ ቢሰክር ይናገራል። ጎረቤት ድንገት ከገባ ድስቱ ጨርቅ ይለብሳል።

እንግዲህ ወጣቱ ወደ ቶሪኖ ፋብሪካ፣ ወደ ቤልጂግ ማዕድን ሲነጉድና ምራት የሚሆን ሲጠፋ፣ አሮጊቶቹ ምስጢራቸውን ይዘው አንድ በአንድ መሞት ጀመሩ። አጎት ኦዶሪኮ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ያገኙት ያን ጊዜ ነው። በየቤቱ እየዞሩ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ተሸፍኖ፣ አሮጊቷ አንድ ጊዜ ብቻ እየሠራች ያሳየቻቸውን በጭንቅላታቸው ይዘው ይወጣሉ። መጻፍ ክልክል ነው፤ ወረቀት ወሬኛ ነው ይሉ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት የአንዱን ቤት ሆድ ለሌላ ቤት ሰው ላያቀርቡ፣ የማን ከማን እንደሚመሳሰልም ላይናገሩ ዳቦ ይዘው ይምላሉ። በመንደራችን ሃያ ሦስት ቤቶች ነበሩ። የሃያ ሁለቱን ሰብስበዋል።

ስለዚህ እሑድ ቀን እንግዳ ሲገባ የሚጠይቁት «የማን ቤት ነህ?» ብለው ነው። ሰውዬው በሊዬዥ ተወልዶ አድጎ፣ የመንደሩን ቋንቋ ሁለት ቃል የማያውቅ ቢሆንም እንኳ «አባቴ የአንጥረኛው ቤት ነበር» ካለ፣ አያቱ የሠራችው ሳህን ፊቱ ይቀርብለታል። እያለቀሱ ጠረጴዛ ላይ የተደፉ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ። ባልና ሚስት ከሁለት ቤት ከሆኑ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ልጆቹ እስኪያገቡ የአባታቸውን ይበላሉ። አንዷ የናፖሊ ልጅ የላይኞቹን ቤት ልጅ አግብታ መጥታ «ለእኔስ የማንን ትሰጡኛላችሁ?» ብትላቸው ከሰዓቱን ሙሉ ሲያስቡ ዋሉና ማምሻውን «አግብተሻል አይደል? እንደ ድንቿ ነሽ» ብለው የአማቷን አቀረቡላት።

የጎደለችው ሃያ ሦስተኛ ቤት የእኛ ነበረች፤ የሸማኔው ቤት።

እናቴ ኤልዳ ወደ አጎት ኦዶሪኮ አልሄደችም፤ እሳቸውም ያልጠራቸውን ቤት አያንኳኩም። እኔ ስጠይቃት «ሚስት ስታመጣ ለእሷ እነግራታለሁ» ትለኝ ነበር። ሚስት አላመጣሁም። ለዓመታት ይህ በመካከላችን እንደ ቀልድ ያገለግል ነበር፤ በኋላ ሁለታችንም መቀለዱን ተውነው። ከአጥራችን ማዶ ካሉት ከደወል ደዋዩ ቤት ከአክስት ኡርሱሌ ጋር ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት አልተነጋገረችም፤ በመሰላል ምክንያት። ተውሰው አልመለሱልኝም ትላለች። እሑድ እሑድ የኡርሱሌ መስኮት ከተከፈተ የእኛ ይዘጋል፤ የእኛ ከተከፈተ የእሳቸው ይዘጋል። ልጅ ሆኜ ሁለት መስኮቶች በአንድ ገመድ የተያያዙ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በፌብሩዋሪ በድንገት ሞተች። ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ፣ ኡዲኔ ከተማ ባለችው ጠባብ ማድ ቤቴ፣ የእሷን ቻርሶን ለመሥራት ስሞክር ከረምኩ። ድንች፣ ናና፣ የደረቀ ፕሪም፣ ቀረፋ፣ የሎሚ ልጣጭ። ይህን ሁሉ ምላሴ ያውቀዋል። ከኋላ ግን አንድ ነገር ነበር፤ እንደ ጢስ ያለ፣ ጢስ ያልሆነ፣ እንደ ተቆላ እህል ያለ። እሱን አላገኘሁትም። ዘጠኝ ወር ሙከራ ያስተማረኝ ምላስም እንደሚረሳ ነው። በየሳምንቱ የሠራሁት የእናቴን እየሸፈነብኝ ሄደ። ጥቂት ወር ቢጨመርበት የማስታውሰው የራሴን ስህተት ብቻ ይሆን ነበር። ያቺን እሑድ በአውቶቡስ ወደ ፕራዴይ የወጣሁት ለዚህ ነው።

በማረፊያው የኋላ በር በኩል ማድ ቤት ገባሁ። አጎት ኦዶሪኮ ደግመው አጽናኑኝና የመጣሁበትን ስነግራቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«የእናትህ የለኝም» አሉ።

ያለኝን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሐኪም የሌላ ሐኪም ማዘዣ እንደሚያይ፣ ብዙ ጊዜ አዩት። የጎደለውን እንዲገምቱልኝ ለመንኳቸው። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሴ ውስጥ መልሰው ከተቱት።

«እኔ ግምት አልቀቅልም። ሂድ ተቀመጥ፣ ሾርባ አወጣልሃለሁ።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመስኮቱ ሥር አክስት ኡርሱሌ ከቤልጂግ ከመጡት ልጃቸውና አማቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ለመብራት ምሰሶ እንደሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ ሰጡኝ። የአጎት ኦዶሪኮ የእህት ልጅ ኢርማ፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ ሃያ ዓመት በዚያ አዳራሽ ሳህን ያመላለሰች ሴት፣ ፊቴ ሳህን አስቀምጣ ሄደች። ሾርባ አልነበረም። ስድስት ቻርሶን ነበር። ሰውዬው አዘኑልኝና የአንዱን ቤት ሰጡኝ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ሕጋቸውን ጣሱ ብዬ በጣም ተገረምኩ። አንዱን ቆርሼ ጎረስኩ።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ስህተት እንዳይሆን ሁለተኛውን ጎረስኩ። ናናው፣ ፕሪሙ፣ ከኋላ ደግሞ ያ የጠፋብኝ ነገር፤ ሁሉም በቦታው ነበር። ማልቀሴን ያወቅኩት በጎን ያለው ጠረጴዛ ዝም ሲል ነው።

በዚያው ቅጽበት ከመስኮቱ ሥር የአክስት ኡርሱሌ ድምፅ ተሰማ። ኢርማን ጠርተው፣ በዚህ ዕድሜያቸው እሑድ ቀን የመንገደኛ ሾርባ እንዲጠጡ የፈረደባቸው ማን እንደሆነ ጠየቋት። አጎት ኦዶሪኮ ከማድ ቤት ወጡ። የአክስት ኡርሱሌን ሾርባ አዩ፤ የእኔን ሳህን አዩ። ወደ እኔ መጡ።

«ሹካውን አስቀምጥ። የአንተ አይደለም።»

«የእናቴ ነው» አልኩ።

«የደወል ደዋዩ ቤት ነው።»

«አጎት ኦዶሪኮ፣ የእናቴ ነው።»

አክስት ኡርሱሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። አማቻቸው ሊደግፋቸው ቢነሣ በምርኩዙ መለሱት። መጥተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ሹካዬን ከእጄ ወስደው ከሳህኔ ቀመሱ።

«የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩ። «እናትህ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነበር የምትሠራው?»

«አዎ።»

«ፕሪሙን ሳትተው?»

«ሳትተው። አንድ ነገር ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ እንደ ጢስ ያለ።»

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የድስት ፍቅፋቂ ነው፣ ልጄ። ያረረ የገንፎ ቅርፊት ነው።»

ቀጥለው የነገሩኝ ይህን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው እሳቸውና እናቴ ላሞች በበጋ በሚወጡበት ተራራ ላይ፣ አይብ ቤት ውስጥ ተቀጥረው ነበር። አንድ ፍራሽ ላይ ይተኙ ነበር። በኦገስት አጋማሽ ዘጠኝ ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ መንገዱ ተዘጋ፤ ዘቢብ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ካካዋማ ከየት ይመጣል። እናቴ ከገንፎው ድስት ሥር ያረረውን ቅርፊት ፋቀች፣ ኡርሱሌ በድንጋይ ወቀጡት፤ ናና ከደጅ፣ ፕሪም ከአይብ ሠሪው ኪስ። ሁለቱ ልጃገረዶች በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ነገር በልተው አያውቁም። ሲያገቡ ግን ዕጣቸው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቤቶች ወደቀ፤ ሁለቱም በየፊናቸው የአማታቸውን ተማሩ፤ ሁለቱም አማታቸው አልጋ ላይ በዋለችበት ቀን ያንን ተራራ ላይ የሠሩትን ቀቀሉ።

«ባሌ በላና ‹ልክ እንደ አያቴ› አለ» አሉ አክስት ኡርሱሌ። «ወንዶች ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉት። የአንተም አባት ያንኑ ብሎ ይሆናል።»

አባቴ በእርግጥም ያንኑ ይል ነበር።

«ታዲያ በአማቶቻችን ምግብ ፈንታ የድስት ፍቅፋቂ እያበላን መሆኑ ቢታወቅ ምን ይውጠናል? እኔ እሷ እንዳታወጣብኝ ፈራሁ፤ እሷ እኔን ፈራች። መጀመሪያ ፈራን፣ ኋላ ለመድነው። መሰላሉማ ሰበብ ነው። መሰላሉን እኔ በዚያው ሳምንት መልሼላታለሁ።» ሹካውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። «አልተናገረችም አይደል?»

«ለእኔም አልነገረችኝም።»

«ኤልዳ ድሮም እንዲሁ ናት» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ወደ መስኮቱ እንጂ ወደ እኔ አላዩም።

አጎት ኦዶሪኮ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጎናችን ቆመዋል። እኚህ ሰው የደወል ደዋዩ ቤት ሆድ ከናፖሊዮን ወታደሮች መምጣት በፊት የነበረ ነው እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። የሚወድቁ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። ወንበሩን አላዩትም፤ ሳህኑ ውስጥ የቀሩትን ቻርሶኖች አዩ።

«ቅቤው ሳይረጋ ብሉት» አሉና ሾርባውን አንሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

እኔና አክስት ኡርሱሌ ከአንድ ሳህን በላን። በዚያ ጣሪያ ሥር የሁለት ቤት ሰዎች ከአንድ ሳህን ሲበሉ ያ የመጀመሪያው ነው። የመጨረሻውን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም።

ቡና ሳይመጣ በፊት ግን አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ኢርማ በሃያ ዓመት ውስጥ ሳህን ተሳስታ አታውቅም። አጎት ኦዶሪኮ ወረቀቴን ሲያዩ ያን ያህል የቆዩት፣ ከጽሑፌ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ለማወቅ ነበር? የሃያ ሁለት ቤቶችን ሆድ የሚያውቁ ሰው፣ ከወረቀቱ ላይ የአክስት ኡርሱሌን ድስት ሳያውቁት ይቀራሉ? ወይስ እናቴ አንድ ቀን፣ እኔ ሳላውቅ፣ በር ዘግታ ሠርታ አሳይታቸው ነበር? ከሆነ፣ ለሁለት ባላንጣ ሴቶች በአንድ ድስት ሁለት ጊዜ ምለዋል ማለት ነው። ለአንዷ ቢናገሩ የሌላዋን መሐላ ያፈርሳሉ። ሊናገሩ የማይችሉ ሰው ማድረግ የሚችሉት ነገር ቢኖር መሳሳት ነው።

ኢርማን ይዤ፣ ሳህኖቹን የቀየረው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ» አለች፤ የተደራረቡትን ሳህኖች በአገጯ ደግፋ። «እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ማድ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ ሦስት ድስት ይንተከተካል፤ ሽርጣቸው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አጎት ኦዶሪኮ የመጨረሻው ሳህን ሳይወጣ ከማድ ቤት የሚወጡ ሰው አልነበሩም፤ ሚስታቸው ባረፈችበት እሑድ እንኳ አልወጡም። የኋላው በር ክፍት ነበር። ሮጬ ወጣሁ። ሦስት ጎማ ያላት መኪናቸው፣ ለአይብ ማጠኛ የሚሆን ጥድ የሚለቅሙበትን ቅርጫት ኋላዋ ጭና፣ ዳገቱን ጀምራለች። ስማቸውን ጠራሁ። በመስኮቱ በኩል እጃቸው ወጣ፤ «ደህና ሁን» ይሁን «ተወው» አልለየሁትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ኩርባ ላይ ታጠፉ።